ጉልበት ሲጨመር ማዕድም ይታሰብ
የሰውነት እንቅስቃሴ ለሚጀምሩ ቤተ ሰቦች ስለ ምግብ መጠን የቀረበ ምክር

ዕድሜያቸው ከኀምሳ ያለፈ፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው አንድ ጎረቤታችን፣ ሐኪማቸው «መቀመጥ አብዝተዋል፤ በየቀኑ ይራመዱ» ብለው መከሯቸው። ምክሩን በደስታ ተቀበሉና የሚጀምሩበትን ቀን ራሳቸው መረጡ፤ ቀኑም የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሰኞ ነበረ። «ነፍሴም ሥጋዬም አብረው ይታረሙ» አሉ። ሳይነጋ መድኃኒታቸውን በውሃ ወሰዱ፤ ማለዳ ኪዳን አስደርሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ዳገቱንና ቁልቁለቱን አንድ ሰዓት ያህል ተራመዱ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለመጾም ቆርጠው ነበርና እህል አልቀመሱም። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ግን ላብ አጥምቋቸው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ አንደበታቸውም ተሳስሮ ከደጃቸው ላይ ተቀመጡ። ባለቤታቸው ስኳር የበዛበት ውሃ ፈጥነው አጠጧቸውና ወደ ሐኪም ቤት ወሰዷቸው።

«ዛሬ ምን ቀመሱ?» ብለው ሐኪሙ ጠየቋቸው።

«ምንም፤ ጾም ነው እኮ።»

«መድኃኒቱንስ?»

«እሱንማ ሳይነጋ ወስጃለሁ።»

«መራመዱንስ?»

«አንድ ሰዓት ሙሉ ተራመድሁ፤ ያዘዙኝ እርስዎ አይደሉምን?»

ሐኪሙ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። እኔም ስለ መራመዱ ነግሬዎ ስለ ማዕዱ ሳልነግርዎ ቀርቻለሁ» አሉ።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ታሪክ ያነሣነው በማንም ላይ ለመፍረድ አይደለም። የሰውነት ማጠንከሪያ ሥራ ዛሬ በየከተማው እየተስፋፋ ነው። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም ወደ ጎዳና አውጥቷል፤ በየማለዳው በመስቀል ዐደባባይ ደረጃ ላይ የሚሮጠው ሰው ብዙ ነው። ይህ መልካም ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ማንኛውም ጤናማ ጐልማሳ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ መክሯል። ነገር ግን ጫማ ገዝቶ ለመሮጥ የሚነሣው ሰው ብዙ ሲሆን፣ «ጉልበቴን ስጨምር ማዕዴስ እንዴት ይሁን?» ብሎ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። አንዱ ከልክ በላይ ይበላል፤ ሌላው ከልክ በላይ ይቀንሳል፤ ሁለቱም ይጐዳሉ።

የገበሬ ቤት ጥበብ

ይህን ጥያቄ አስቀድማ የመለሰችው የገበሬ ሚስት ናት። ባሏ በሬ ጠምዶ በሚውልበት ቀን ወደ እርሻው የምትወስደው እንጀራ ይጨምራል፤ በሬው በተፈታበት የበዓል ቀን ግን ያንኑ ያህል አታቀርብም። ሚዛንም መዝገብም የላትም፤ ነገር ግን ሥራና ማዕድ እንደ ጥማድ በሬ አብረው መሄድ እንዳለባቸው ታውቃለች። የከተማ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውል በመሆኑ ይህ ስሜት ጠፍቶበታልና፣ በቍጥር መታገዝ ግድ ሆኖበታል።

ቍጥሩም ካሎሪ ይባላል። በምግብ ነገር 1 ካሎሪ የሚባለው አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያሞቅ ሙቀት ነው። አሜሪካዊው ሊቅ ዊልበር አትዋተር በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ሰውን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ፣ ከሰውነቱ የሚወጣውን ሙቀት ከሚበላው ምግብ ጋር እያመዛዘነ መረመረ። ከዚህ ሥራ የተገኘው ልክ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ይኸውም 1 ግራም ስታርች ወይም ስኳር 4፣ 1 ግራም ፕሮቲን 4፣ 1 ግራም ቅባት ደግሞ 9 ካሎሪ ይሰጣል ማለት ነው።

የሰውነት ወጪም እንዲሁ ይታወቃል። ብዙ የማይንቀሳቀስ ሰው ከዕለት ወጪው ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ልብን ለማስመታት፣ ለመተንፈስ፣ አንጎልንና ልዩ ልዩ ብልቶችን ለማሠራት ብቻ ይውላል። ተኝቶ የዋለ ሰው እንኳ ምግብ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። በዚህ ላይ እንቅስቃሴ ሲጨመር፣ የሚሮጥ ሰው በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1 ካሎሪ ያህል ያወጣል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ ወጪው ወደ 350 ካሎሪ ይደርሳል። ይኸው ሰው ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ ቢራመድ ግን የሚጨምረው ወጪ 100 ካሎሪ ገደማ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው። በቀን ሦስት ብርጭቆ ሻይ፣ በያንዳንዱ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምሮ የሚጠጣ ሰው ከስኳሩ ብቻ ወደ 150 ካሎሪ ያገኛል። አንድ ጭብጥ የገብስ ቆሎም ወደ 100 ካሎሪ ነው። እንግዲህ የግማሽ ሰዓት መንገድ ከአንድ ማንኪያ ዘይት ያንሳል ማለት ነው! ከመንገድ ሲመለስ «ዛሬስ ደክሜአለሁ» ብሎ ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ የሚጠጣ ሰው፣ ያወጣውን ከእጥፍ በላይ መልሶ ከወር በኋላ ቀበቶው ሲጠብበት ይገረማል።

ማን ይጨምር? ማን ይተው?

ይህን ካወቅን በኋላ፣ ምክሩ ለሁሉ አንድ እንዳልሆነ መገንዘብ ይገባናል።

ውፍረት ያስቸገረው፣ ሆኖም ሌላ ሕመም የሌለበት ሰው በቀን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መራመድ ሲጀምር በማዕዱ ላይ ምንም መጨመር አያስፈልገውም። ቀድሞ የሚበላውን እየበላ ከስኳሩና ከዘይቱ ብቻ ጥቂት ቢቀንስ ይበቃዋል። ነገር ግን በአንድ ቀን ሩጫም ልጀምር፣ እራትም ልተው አይበል። ይህን ያደረገ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይዝላል፤ በሦስተኛው ሁለቱንም ይተዋል። በሳምንት ከግማሽ ኪሎ ያልበለጠ መቀነስ ለብዙ ሰው ይበቃል።

ቀጭን የሆነ፣ ገና በማደግ ላይ ያለ፣ ወይም በቀን ሥራ ጉልበቱን የሚያፈስ ሰው ግን የሚያወጣውን መተካት አለበት። አምስት ኪሎ ሜትር ለሮጠ ወጣት አንድ ተጨማሪ እንጀራ ከሽሮ ወይም ከምስር ወጥ ጋር ቅንጦት ሳይሆን ዕዳ መክፈል ነው። የምታጠባ እናትም ወተቷ ብቻ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ተጨማሪ ይጠይቃታልና፣ ከወሊድ በኋላ ሰውነቷን ለመመለስ ስትል መራመድ ብትጀምር ምግቧን አትቀንስ።

በተለይ እናቶች ሴቶች ልጆቻችሁን አስተውሉ። በትምህርት ቤት ሩጫ የጀመረች ልጅ ለመቅጠን ብላ ምግብ ብትሸሽ፣ መጀመሪያ ፈጣን ሆና ትታያለች፤ ኋላ ግን የወር አበባዋ ይዛባል ወይም ይቋረጣል፤ አጥንቷ ይደክማል፤ ጉንፋን ይመላለስባታል፤ ትምህርቷም ወደ ኋላ ይላል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን ችግር በስፖርት የሚደርስ አንጻራዊ የኀይል ጉድለት ብሎ ሰይሞ፣ በወንዶችም ላይ እንደሚደርስ አስታውቋል። እንዲህ ያለችውን ልጅ «ሰነፍሽ» ማለት ሳይሆን ሳህኗን መመልከት ይገባል።

ሦስተኛው እንደ ጎረቤታችን ያለ የስኳር ሕመምተኛ ነው። ጡንቻ ሲሠራ ከደም ውስጥ ስኳር ይስባል፤ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ እንክብልም ስኳርን ዝቅ ያደርጋል፤ በዚህ ላይ እህል ካልተቀመሰ የደም ስኳር ከልክ በታች ይወርዳል። መድኃኒትና መንገድ፣ ጾምና መንገድ ለየብቻቸው ላይጐዱ ይችላሉ፤ ሦስቱ ባንድ ማለዳ ሲገናኙ ግን ለሞት ያደርሳሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው እንቅስቃሴ ከመጀመሩ በፊት ከሐኪሙ ጋር ስለ መድኃኒቱ መጠን ይነጋገር፤ በኪሱም ስኳር ወይም ከረሜላ ይያዝ። ላብ፣ መንቀጥቀጥና የአንደበት መተሳሰር ሲታይበት፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ ቤተ ሰቡ ፈጥኖ የስኳር ውሃ ይስጠው። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይጨመር፤ ያንቀዋልና፤ በቶሎ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ስለ ጾም ወራት

ከዓመቱ ቀን ብዙው ለጾም የተመደበ ስለ ሆነ፣ ስለ ማዕድ ሲነገር ጾምን መዝለል አይቻልም። ጤናማ ሰው ጾሙንም እንቅስቃሴውንም አስማምቶ ሊይዝ ይችላል፤ ዘዴው ሰዓቱን መምረጥ ነው። በሁለት ወር ገደማ በሚዘልቀው በዐቢይ ጾም ወራት አዲስ ከባድ ሥራ ባይጀመር ይመረጣል። የተጀመረም ቢሆን ሩጫውን ማዕድ ከተቀመሰ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት በኋላ፣ ወደ ማታ ማድረግ ይሻላል፤ ከዚያም በላብ የወጣውን ውሃ ሳይተኙ መተካት ያስፈልጋል። ስግደት ራሱ ለሰውነት ድካም መሆኑንም አንርሳ፤ ብዙ የሚሰግድ ሰው በዚያ ቀን መንገዱን ቢያሳጥር አያፍርበት።

የጾም ምግባችን በአግባቡ ከቀረበ ለሚንቀሳቀስ ሰው ይበቃል። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ እህልና ጥራጥሬ አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሚሞላ፣ ጤፍ እንጀራ ከምስር ወይም ከአተር ጋር መልካም ጥምረት ነው። ለመንገደኛ ስንቅ የኖረው በሶም ላብ ላፈሰሰ ሰው ፈጥኖ ኀይል ይሰጣል። ነገር ግን «ጾም ነው» እየተባለ በዘይት የተጥለቀለቀ ወጥ ሥጋ ባይኖርበትም ካሎሪው ጥቂት አይደለም። ሻይና ቡና ደግሞ ከእህሉ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይቀበል ስለሚያውኩ፣ ከማዕድ አንድ ሰዓት ዘግይተው ቢጠጡ ይመረጣል። ሕመምተኛ የሆነ ሰው ግን ብቻውን አይወስን፤ የሐኪሙን ቃል ለንስሐ አባቱ ያቅርብ፣ የንስሐ አባቱንም ምክር ይቀበል።

የመጀመሪያው ወር

እንቅስቃሴ የጀመረ ሰው በየማለዳው ሚዛን ላይ እየወጣ አይታወክ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡንቻ ለሥራው የስኳር ስንቅ ያከማቻል፤ እያንዳንዱ ግራም ስንቅም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ክብደት ባለበት ቢቆም ወይም ጥቂት ቢጨምር፣ ስብ ጨመረ ማለት አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ቁርስ ሳይበሉ መመዘን ይበቃል፤ ሚዛን ለሌለውም ቀበቶውና መቀነቱ ይመሰክራሉ።

ከአራት ሳምንት በኋላ ሒሳቡ ይታይ። ሊቀንስ የፈለገው ካልቀነሰ፣ ከማዕዱ ጥቂት ያጕድል፤ ሳይፈልግ የከሳ ደግሞ ጥቂት ይጨምር። በወረቀት የተሰላው ቍጥር በሰውነት ላይ እንዳለ አይገኝም፤ ሰውነት ቍጠባ ያውቃልና። በታንዛንያ ስለሚኖሩት ሐድዛ ስለ ተባሉት አዳኞች እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ ብዙ መንገድ የሚሄዱት እነዚህ ሰዎች የዕለት ወጪያቸው በሰውነት መጠን ሲመዛዘን ከከተማ ሰው ብዙ እንደማይለይ አሳይቷል። በሩጫ ብቻ ልቅጠን የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያዝነው ስለዚህ ነው። መንገዱ ለልብ፣ ለደም ሥርና ለእንቅልፍ ታላቅ ጥቅም ይሰጣል፤ ክብደት ግን በእግርና በእጅ፣ ማለት በመንገድና በማዕድ ኅብረት ይስተካከላል።

እንቅስቃሴ የተወ ሰውም ማዕዱን መልሶ ይመጥን። ከፋሲካ በኋላ ብዙ ሰው መንገዱን ትቶ ዶሮውንና ሥጋውን ይቀጥላል፤ በሬው ተፈትቶ ሳለ የእርሻ ቀን እንጀራ መብላት ማለት ይህ ነው።

ጎረቤታችን ዛሬም ይራመዳሉ። ሐኪማቸው የመድኃኒታቸውን መጠንና ሰዓት ለውጠውላቸዋል፤ ከንስሐ አባታቸውም ጋር ተነጋግረው በጾም ቀን ቀድመው እንዲቀምሱ ተፈቅዶላቸዋል። መንገዳቸውንም ከማዕድ በኋላ አድርገውታል። ለመውጣት ሲነሡ ባለቤታቸው በር ላይ ቆመው፣ «ቀምሰዋል? ስኳሩንስ ይዘዋል?» ብለው ሳይጠይቁ አያሳልፏቸውም። እኛም በየቤታችን ለሚሮጠው ልጅና ለሚራመደው አባት ይህንኑ ብንጠይቅ፣ ብዙ ሰው ከደጁ ላይ ከመውደቅ ይድናል።