የድጎማው ገንዘብ ካውንቲ ሲደርስ፦ የአሜሪካ የእርሻ ክፍያና ሰንፍላወር

የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ያጸደቀው ሰፊ የበጀት ሕግ ለገበሬዎች የሚከፈለውን ድጎማ በእጅጉ ከፍ አድርጎታል። ሕጉ የማጣቀሻ ዋጋን፣ ማለትም ገበያው ከእርሱ ሲያንስ መንግሥት ልዩነቱን የሚሸፍንበትን ወለል፣ ለአኩሪ አተር በቡሼል ከ8.40 ወደ 10.00 ዶላር፣ ለበቆሎ ከ3.70 ወደ 4.10 ዶላር ያሳደገ ሲሆን፣ አንድ ሰው በዓመት የሚቀበለውን ጣሪያም ከ125 ሺህ ወደ 155 ሺህ ዶላር አንስቶታል።

ክፍያው የሚሰላው ገበሬው ዘንድሮ በዘራው መጠን ሳይሆን «መነሻ ኤከር» በተባለው፣ ባለፉት ዓመታት በመሬቱ ላይ የተዘራው ተቆጥሮ በመዝገብ በሰፈረው ስፋት 85 በመቶ ላይ ነው። ገበሬው በዋጋ ወለሉ ፈንታ የካውንቲ ገቢ ዋስትናን ሊመርጥ ይችላል። ካውንቲ በኢትዮጵያ አከፋፈል ከወረዳ ጋር የሚቀራረብ እርከን ሲሆን፣ በዚህ ዋስትና የሚለካው የመላው ካውንቲ አማካይ ምርት በመሆኑ፣ በረዶ ማሳውን ያጠፋበት ሰው የጎረቤቶቹ አዝመራ ካማረ ምንም ላያገኝ፣ የራሱ አዝመራ የያዘለት ደግሞ የካውንቲው ምርት ስለወደቀ ሊከፈለው ይችላል። የሰብል መድንና መሬት እንዲያርፍ የሚሰጠው የጥበቃ ክፍያ የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው።

ገንዘቡ ከመሬት ጋር መታሰሩ ያስከተለው በደል በሚሲሲፒ ግዛት በሰንፍላወር ካውንቲ ጎልቶ ይታያል። በ1933 የጥጥ ዋጋ እንዲያገግም ምርት ለሚቀንሱ እንዲከፈል ሲወሰን፣ 10 ሚሊዮን ያህል ኤከር ጥጥ በቁሙ ተገልብጦ ታረሰ፤ መደዳውን እንዳይረግጡ የተገሩ በቅሎዎች በተክሉ ላይ አንሄድም ብለው እንዳስቸገሩ በሰፊው ተወርቷል። ቼኩ በአብዛኛው የሚወጣው በባለመሬቱ ስም ስለነበረ፣ ማሳው ሲቀነስ አስቀድሞ የተነሳው እኩል አራሹ ነበር፤ ባለመሬቱም ውሎ አድሮ በትራክተር ተካው። በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ በዚሁ ካውንቲ በዶድስቪል ሰፊ የጥጥ እርሻ የነበራቸው ሴናተር ጄምስ ኢስትላንድ በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ድጎማ ይቀበሉ ነበር። የሩልቪል ነዋሪ የነበሩት ፋኒ ሉ ሄመር ግን በ1962 በመራጭነት ለመመዝገብ በመሞከራቸው ብቻ 18 ዓመት ከሠሩበት እርሻ ተባረዋል፤ በ1969 ከመሬት ለተነቀሉ ቤተሰቦች ሲሉ የፍሪደም ፋርም ኅብረት ሥራን በ40 ኤከር መጀመራቸው ክፍያው ለተነፈጋቸው ሰዎች የተሰጠ ብርቱ መልስ ነው።

ከዋሽንግተን የወጣውን ሕግ በካውንቲው በማስፈጸም ረገድ ትልቅ ድርሻ ያለው በገበሬዎች የሚመረጥ ኮሚቴ ነው፤ ያኔ ማን ስንት ኤከር ጥጥ እንደሚዘራ የሚደለድለውም እርሱ ነበር። በ1964 የመብት ተሟጋቾች በሚሲሲፒ ጥቁር ገበሬዎችን ለኮሚቴዎቹ በእጩነት ያቀረቡት፣ ድልድሉን የሚጽፈው እጅ የማንን ማሳ እንደሚያሰፋና የማንን እንደሚያጠብ ስላወቁ ነው። የፌዴራሉ የግብርና መሥሪያ ቤት በብድርና በድጎማ አድልዎ ፈጽሟል በሚል በጥቁር ገበሬዎች የቀረበው፣ በከሳሹ ስም የፒግፎርድ ክስ የተባለው ሙግት በ1999 በስምምነት ተቋጨ፤ በ2010 ለዘገዩ አመልካቾች 1.25 ቢሊዮን ዶላር ተጨመረ፤ በ2024 ደግሞ በብድር አሰጣጥ አድልዎ ለደረሰባቸው ከ43 ሺህ በላይ ሰዎች 2 ቢሊዮን ያህል ዶላር ተከፈለ። ካሳው ተገቢ ቢሆንም መሬትም ሆነ መነሻ ኤከር አይመልስም። የ2025ቱ ሕግ እስከ 30 ሚሊዮን የሚደርስ አዲስ መነሻ ኤከር የፈቀደ ቢሆንም፣ የሚደለደለው ከ2019 እስከ 2023 በተዘራው መጠን ስለሆነ፣ ከዚያ አስቀድሞ ከመሬቱ የተነቀለ ቤተሰብ በስሌቱ ውስጥ አይገባም።