የእንፍራንዝ ረግረግና የጣና ዳርቻ ጉብኝት

በሐሩር ክልል የሚደረግ የውኃ ዳርቻ ዕረፍት ሲነሣ ብዙዎች የሚያስቡት ነጭ አሸዋ፣ ጨዋማ ውኃና ዋና ነው። የጣና ዳርቻ ከዚህ ይለያል። ሐይቁ በሐሩር ክልል ቢገኝም ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኑ ሙቀቱ መካከለኛ ነው። ጥልቀት በሌለው ዳርቻው ግን የቢልሃርዚያ በሽታን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ስለሚኖሩ መዋኘት አይመከርም። በመሆኑም ጎብኚው ወደ ጣና የሚመጣው በጀልባ ለመጓዝ፣ ወፎችንና ጉማሬን ለማየት እንዲሁም በዘጌ ደን ውስጥ በእግር ለመዘዋወር ነው። ይህ ጽሑፍ የዚህ ጉብኝት አካል ሆኖ ሳለ ብዙም የማይታሰበውን የእንፍራንዝን ረግረግ አገልግሎትና የተጋረጠበትን አደጋ ያብራራል።

እንፍራንዝ ከባሕር ዳር በስተምዕራብ፣ በከተማዋና በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት መካከል ወደ ጣና የሚገባ ወንዝ ነው። በአካባቢው ከሚፈልቁት ምንጮች የባሕር ዳር ነዋሪዎች የመጠጥ ውኃ ያገኛሉ። ወንዙ ወደ ሐይቁ ሲቃረብ ፍጥነቱ ይቀንስና በደንገልና በፊላ በተሸፈነ ረግረግ ውስጥ ይሰራጫል። ውኃው በተክሎቹ መካከል ቀስ ብሎ ሲያልፍ የተሸከመውን ደለል ያራግፋል፤ ተክሎቹም ከእርሻ ታጥቦ ከመጣው ማዳበሪያ ከፊሉን ይመገቡታል። እንደ ቆሮሶና አምባዛ ያሉ ዓሦች በእንዲህ ዓይነቱ ሣር በበዛበት ጥልቀት የለሽ ውኃ ይራባሉ፤ ጫጩቶቻቸውም በዚያው ይጠለላሉ። ዓሣው በበዛበት ዓሣ በል ወፎች ይሰበሰባሉ። ጥቁሩ ባለ ዘውድ ክሬን በጣና ዙሪያ ባሉ ረግረጎች ይኖራል፤ ከአውሮፓ ክረምት የሚሸሹ ተጓዥ ክሬኖችም በበጋው ወራት ይቀላቀሉታል። ወቅቱ ዝናብ የሚያቆምበትና ጎብኚዎች የሚበዙበት ጊዜ ስለሆነ አጋጣሚው ለወፍ ተመልካቾች የተመቸ ነው።

ይህ ሥርዓት በቀላሉ የሚናጋ ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሰፋም ከፍተኛው ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም፤ ስለዚህ ውኃው ጥቂት ሲወርድ ሰፊ ዳርቻ ይገለጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሐይቁ እጅግ በመውረዱ የመርከቦች ጉዞ ለወራት ተቋርጧል፤ ውኃው የሸሸበት መሬትም ታርሷል። በእንፍራንዝም ውኃ ሲሸሽ የሚዘራው ሰብል፣ ልቅ ግጦሽ፣ የባሕር ዛፍ ተከላ፣ የጫትና የአትክልት መስኖ እንዲሁም ከምንጮቹ የሚሳበው ውኃ ረግረጉን ከየአቅጣጫው ያጠቡታል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና መታየቱ የታወቀው እምቦጭ በማዳበሪያ በበለጸገ ውኃ ውስጥ በፍጥነት የሚራባ አረም በመሆኑ ደለልና ማዳበሪያን የሚያስቀር ረግረግ ማጣት ጉዳቱን ያባብሳል።

ገበሬው ረግረጉን የሚያርሰው ጥቅሙን ስላልተረዳ ነው ማለት አይቻልም። ጎብኚው ለአልጋ፣ ለምግብና ለጀልባ የሚከፍለው ገንዘብ በአብዛኛው በከተማዋ ይቀራል። የቆመ ደንገል ለእንፍራንዝ አባወራ የሚያስገኘው ገቢ ጥቂት ሲሆን፣ ያው መሬት ቢታረስ ግን ለቤተሰቡ ቀለብ ይሰጣል። በደንገል ታንኳ ሠርተው በሐይቁ የሚተዳደሩት የነገደ ወይጦ ሰዎችም ደንገሉ በጠፋ ቁጥር መተዳደሪያቸው ይጠብባል።

የዘጌ ሁኔታ ለንጽጽር ይጠቅማል። በትውፊት ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር የሚያያዝ ሥርዓት በባሕረ ገብ መሬቱ ማረስንና ከብት ማርባትን ይከለክላል። ሥርዓቱ ለረጅም ዘመን ሊጸና የቻለው ግን በሃይማኖታዊ ክብር ብቻ አይደለም፤ ነዋሪው በዛፎቹ ጥላ ሥር ከሚበቅለው ቡና ገቢ ያገኛል። ደኑን መጠበቅና ኑሮን መምራት በአንድነት ሄደዋል። በእንፍራንዝ የጎደለው ይህ ትስስር ነው።

ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በባዮስፌር ክልልነት መዝግቦታል። የባዮስፌር ክልል አሠራር ሰውን ከመሬቱ አያስወጣም፤ ጥብቅ እምብርት፣ ዙሪያውን የሚከልል መከላከያና የልማት ቀጠና ለይቶ በልክ መጠቀምን ይፈቅዳል። በዚሁ መሠረት ደንገልን በተራ ማጨድ፣ የአካባቢውን ወጣቶች በወፍ አስጎብኚነት ማሠልጠን፣ ከጀልባ ክፍያ ለረግረጉ ጠባቂዎች ድርሻ መመደብና ከምንጮቹ በሚቀዳው ውኃ ላይ ለወንዙ የሚቀር መጠን መወሰን ይቻላል። የመጨረሻው እርምጃ የባሕር ዳርን የውኃ ፍላጎት ስለሚነካ አስቸጋሪው ይሆናል፤ ይሁንና ከተማዋ ውኃም ጎብኚም የምታገኝበት አካባቢ በመሆኑ ከወጪው ድርሻዋን መሸከሟ ተገቢ ነው።