ባጃጁ ለምን ይተኩሳል?

«ጋሼ፣ ዛሬም ተኮሰ።»

ሹፌሬ ማታ ማታ ገቢ ሊያስረክብ ሲመጣ ከሰላምታ ቀጥላ የምትመጣው ቃል ይቺ ሆና ከረመች። ኮምቦልቻ ላይ ለሁለት ዓመት ያህል አንድ ባጃጅ ነበረኝ። ከተማ ውስጥ ሲመላለስ ደኅና ነው፤ ኮንትራት ይዞ ደሴ ደርሶ ሲመለስ ግን ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ነዳጁን በለቀቀ ቁጥር ከኋላ «ጧ! ጧጧ!» ይላል። አንድ ቀን የተሳፈሩ እናት «ልጄ አውርደኝ፣ ነፍሴን ይዤ በእግሬ ልሂድ» ብለው መንገድ ላይ ወርደዋል። እኔም ሞተር የማያውቅ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ምንም ሳይጠይቅ ካርቡሬተሩን ፈታ። አጥቦ ገጠመ፤ ተኮሰ። ተመልሰን ሄድን፤ አዲስ ካርቡሬተር አስገዛን፤ ተኮሰ። ገንዘቡም ሄደ፣ የሦስት ቀን ገቢም ቀረ። ስለዚህች ትንሽ ሞተር መጠየቅ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ባጃጅ ስሟን ያገኘችው ከሠሪዋ ነው። ባጃጅ አውቶ ፑኔ ውስጥ ያለ የህንድ ኩባንያ ሲሆን እኛ ግን ቲቪኤሱንም ሌላውንም ባለ ሦስት እግር በጅምላ ባጃጅ ብለን ጠርተነዋል። ዘሯ ከተቆጠረ ጣሊያን ይደርሳል። ቬስፓን የሠራው ፒያጆ በ1948 እ.ኤ.አ. ከዚያችው ከቬስፓ ላይ ሦስተኛ እግርና የጭነት ሳጥን ጨምሮ «አፔ» የምትባል ተሽከርካሪ አወጣ። ቬስፓ ተርብ፣ አፔ ደግሞ ንብ ማለት ነው። ባጃጅም ባለ ሦስት እግር መሥራት የጀመረው በፒያጆ ፈቃድ ነበር። የኛ ጋራዥ ቋንቋም የመጣው ከዚያው አገር ነው፤ ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ፣ ማርሚታ ደግሞ ድስት ነው። ጭሱን የሚያፍነውን ቱቦ ድስት ማለታቸው ያስቀኛል፤ ካሰቡት ግን እውነትም ክዳኑ የተገጠመ ድስት ይመስላል።

ሞተሯ ከተሳፋሪው ጀርባ ተሸጉጧል። የድሮዎቹ ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚገባላቸው፣ ሰማያዊ ጭስ እየለቀቁ የሚሄዱ ባለ 145 ሲሲዎች ነበሩ። ኋላ የመጡት ወደ 200 ሲሲ የሚጠጉ፣ አንድ ሲሊንደር ያላቸውና በአራት ምት የሚሠሩ ናቸው። ፒስቶኑ ወርዶ አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ወጥቶ ይጨምቃል፤ ካንዴላው ይለኩስና ፍንዳታው ፒስቶኑን ቁልቁል ይገፋዋል፤ መልሶ ሲወጣ ጭሱን ያስወጣል። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ይህ ፍንዳታ በሰከንድ 25 ጊዜ ይደጋገማል ማለት ነው። ስለዚህ መተኮስ የሞተር ሥራው ነው። ችግር የሚሆነው ከሲሊንደሩ ውጭ ሲተኩስ ነው።

ከሲሊንደሩ የሚወጣባቸው በሮች ደግሞ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ማርሚታና ካርቡሬተር። ጆሯችሁን ሳታዘጋጁ መፍቻ አታንሱ የምለው ለዚህ ነው። በማርሚታ የሚተኩስ ሞተር ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ውጭ እየላከ ነው፤ ቤንዚኑ ትኩስ ቱቦ ውስጥ ገብቶ እዚያ ይፈነዳል። በካርቡሬተር የሚያስነጥስ ሞተር ግን ብዙውን ጊዜ ቤንዚን አንሶታል፤ የቀጠነ ቅልቅል ቀስ ብሎ ስለሚነድ የመግቢያው ቫልቭ ለሚቀጥለው ዙር ሲከፈት እሳቱ ገና አልጠፋም፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ያው የመግቢያ ቫልቭ በደንብ አልገጥም ሲልም እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱን ድምፆች መለየት አይከብድም። አንዱ የጥይት ያህል ይጮኻል፣ ሌላው ጉንፋን የያዘው ሰው ያህል እፍን ብሎ ያስነጥሳል።

ከጆሮ ቀጥሎ ካንዴላ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ፍቱት፤ ትኩስ አሉሚኒየም ላይ ካንዴላ ማስገደድ ጥርሱን ይበላዋል። ከዚያ ወደ ብርሃን ወስዳችሁ ጫፉን እዩት። የቡና ወተት ወይም አመድማ መልክ ከያዘ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ጣት የሚያጠቁር ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል ወይም አየር አንሷል፤ ፊልትሮውን ሳታዩ ሌላ ነገር አትንኩ። የአየር ፊልትሮ በአቧራማ መንገዳችን ላይ ምን ያህል ቶሎ እንደሚደፈን ለማመን አንድ ጊዜ አውጥቶ መሬት ላይ መታ መታ ማድረግ ይበቃል። ጥላሸቱ እርጥብና ቅባታም ከሆነ ዘይት እየገባ ነው፤ ፋሻው ወይም የቫልቩ ጎማ አርጅቷል፣ ያ የግቢ ሥራ አይደለም። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ካንዴላ ደግሞ ሞተሩ ቤንዚን አንሶት በሙቀት እየተጠበሰ መሆኑን ይናገራል። ይህችን ባጃጅ የሚያቀዘቅዛት በፋን የሚነፋ አየር ብቻ ስለሆነ በሲሊንደሩ ክንፎች መሃል የደረቀ ጭቃ ካለ በዚያው አጽዱት።

ካንዴላው በእጃችሁ እያለ ብልጭታውን ሞክሩ። ኮፍያው ውስጥ መልሳችሁ የብረት አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩና አንድ ሰው ያስነሳ፤ በእጅ በሚጎተተው ማስነሻም ይሁን በቁልፍ። ቀዳዳው ላይ የቤንዚን ትነት ስለሚወጣ ካንዴላውን ከቀዳዳው አርቁት። ጥርት ያለ ሰማያዊ ብልጭታ «ጠስ ጠስ» ካለ ጥሩ ነው። ቀይ ሆኖ የሚልፈሰፈስ ከሆነ መጀመሪያ ካንዴላውን ቀይሩ፤ ከሁሉም ዕቃ ርካሹ እሱ ነው። ከዚያ ኮፍያውን፣ ሽቦውን፣ በመጨረሻ ቦቢናውን ተመልከቱ። በትንንሽ ሞተሮች ላይ የካንዴላው ክፍተት ባብዛኛው ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። አንዳንድ ሞዴሎች ከአንድ በላይ ካንዴላ አላቸው፤ አንዱ ሲሞት ሞተሩ አይቆምም፣ ጉልበቱ ቀንሶ እየተቆራረጠ ይሄዳል፣ ባለቤቱም ወር ሙሉ ቤንዚኑን ይረግማል።

ቤንዚኑም ቢሆን የሚረገምበት ጊዜ አለው። ማደያ ሰልፍ ሲረዝም ሹፌሮች በሃይላንድ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር ይገዛሉ፤ ጠርሙሱ ውስጥ ምን ያህሉ ቤንዚን ምን ያህሉ ሌላ እንደሆነ የሚያውቀው ሻጩ ነው። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርጋችሁ ጥቂቱን በንጹሕ ብርጭቆ ተቀበሉና አምስት ደቂቃ አስቀምጡት። ውሃ ካለበት እንደ ዶቃ ተሰብስቦ ከታች ይተኛል፤ ቤንዚን ከውሃ ይቀላልና። እግረ መንገዴን፤ ባጃጁ ጥቂት ሄዶ እየጠፋ፣ አርፎ የሚነሳ ከሆነ በጠፋበት ቅጽበት የታንከሩን ክዳን ክፈቱ። «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። አንድ መርፌ ይፈውሰዋል።

የኛ ባጃጅ በሽታ ከዚህ ውስጥ አልነበረም። ካንዴላው መልኩ ጥሩ፣ ብልጭታው ሰማያዊ፣ ቤንዚኑ ንጹሕ። በመጨረሻ አንድ ጎረቤቴ የጭነት መኪና ሲጠግኑ ያረጁ አዛውንት ዘንድ ወሰደኝ። መፍቻ አላነሱም። ሹፌሬን ብቻ ጠየቁት።

«ስትለቀው ነው የሚተኩሰው ወይስ ነዳጅ ስትሰጠው?»

«ስለቀው ነው አባባ። ቁልቁለት ላይ።»

አጎነበሱና ማርሚታው ከሲሊንደሩ ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱ። ጣታቸው ጠቆረ። «አየህ፣ እዚህ ይተነፍሳል» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ሲለቀቅ ጎማው ሞተሩን እያዞረው ይወርዳል፤ ሲሊንደሩ የሚያገኘው ቅልቅል ግን እጅግ ጥቂት ስለሚሆን ካንዴላው ብልጭ ቢልም ሁልጊዜ አይያዝለትም። ያልነደደው ወደ ማርሚታው ይሄዳል። እስከዚህ ድረስ ጤነኛ ሞተርም ያደርገዋል፤ ቱቦው ውስጥ በቂ አየር ስለሌለ ዝም ብሎ ይወጣል። በመጋጠሚያው መሃል ያለው ጋስኬት የተበላ እንደሆነ ግን ጭሱ በምት በምት በሚወጣበት መሃል ቱቦው ከውጭ አየር ይስባል። ቤንዚን፣ ሙቀት፣ አየር፤ ሦስቱ ተገናኙ። ጧ!

ጋስኬቷ የልጅ አምባር የምታክል ቀለበት ናት። ቀየሩልን፤ ሁለቱን ብሎኖች እያፈራረቁ አጠበቁ።

ይህን የምላችሁ ካርቡሬተር አይበላሽም ለማለት አይደለም። በዚህ በኩል ትልቁ ጠላት የመሬታችን ከፍታ ነው። ቤንዚን በሥርዓቱ እንዲነድ ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ኮምቦልቻ ግን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ርቃ ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም፤ በተለካለት ቀዳዳ ያንኑ ቤንዚን ያፈሳል። ድሬዳዋ ላይ የተስተካከለ ባጃጅ ደብረ ብርሃን ሲወጣ ጥቁር እያጨሰ ይታፈናል፤ ደብረ ብርሃን ላይ የተስተካከለው ቆላ ሲወርድ ቤንዚን አንሶት ይግላል፣ ያስነጥሳል። ያገለገለ ባጃጅ የምትገዙ ሰዎች የት ከተማ ይሠራ እንደነበር መጠየቅ አትርሱ።

ወደ ካርቡሬተሩ ከመድረሳችሁ በፊት እሱን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘውን ጎማ እዩ። ሙቀት ይሰነጥቀዋል፤ በስንጥቁ ያልተለካ አየር ይገባና ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው የሚዞርበት ፍጥነት፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ጎማው ላይ ውሃ በመርጫ እፍ አድርጉበት፤ ድምፁ ከተለወጠ ስንጥቁን አገኛችሁት። በር የተዘጋ ቤት ውስጥ ግን ሞተር አታስነሱ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ አለበት። ቫልቮቹም ክፍተታቸው የፀጉር ውፍረት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የሚለካውም ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ስለሆነ፣ መለኪያ የሌለው ሰው ባይነካቸው እመክራለሁ።

ካርቡሬተሩን መፍታት ግድ ከሆነ የቅልቅል ብሎኗን ከማውጣታችሁ በፊት በካቻቢቴ በቀስታ እስከ መጨረሻው አጥብቁና ስንት ዙር እንደሄደች ጻፉ። አንድ ዙር ተኩል ከሆነች ስትመልሱም አንድ ዙር ተኩል ትላላ። ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች በአየር ንፉ እንጂ ሽቦ አታስገቡባቸው፤ ሽቦ ያሰፋቸዋል፣ የሰፋ ቀዳዳ ደግሞ አይጠብም። ደግሞም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ሦስት ዕቃ ቀይሮ የዳነ ባጃጅ የትኛው እንዳዳነው አይነግራችሁም።

ያ መጀመሪያ የተፈታው ካርቡሬተር ዛሬም ዕቃ ቤቴ ውስጥ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ምንም አልነበረበትም።