የመዝናኛ ሯጭ ምን ያህል ውኃ ይጠጣ? ከማሻ ደጋ እስከ ቴፒ ቆላ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ ለጤናውና ለደስታው የሚሮጥ ሰው በሩጫ ጊዜ ምን ያህል ፈሳሽ እንደሚያስፈልገው ያብራራል። መነሻው በሸካ ዞን ያለው የማሻና የቴፒ የአየር ጠባይ ልዩነት ነው። ለ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ጤነኛ ሰው ጥማቱን ተከትሎ መጠጣቱ በቂ እንደሆነ በቀላል ስሌት ያሳያል። ከጥማት በላይ መጠጣት አንዳንድ ጊዜ ለሕይወት የሚያሰጋ መሆኑን፣ ልብስና ጫማም ከዚህ ጉዳይ ጋር እንዴት እንደሚያያዙ ይገልጻል።

መግቢያ

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲጀመር የመጀመሪያውን ውድድር ያሸነፈው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር። የዚያ ዕለት ዋና ትርጉም ግን ከአሸናፊው ይልቅ ከኋላው በተከተለው ሕዝብ ላይ ይገኛል። መምህሩ፣ ተማሪው፣ ነጋዴውና የቢሮ ሠራተኛው በአንድ ጎዳና 10 ኪሎ ሜትር ሮጡ። ከዚያ ወዲህ ሩጫ ለሜዳልያ ብቻ የሚደረግ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ዛሬ ከክፍለ ሀገር ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ ለዚህ ሩጫ የሚጓዝ ሰው ብርቅ አይደለም።

የሯጩ ቁጥር በጨመረ መጠን ምክሩም በዝቷል። ከምክሮቹ ሁሉ የሚደጋገመው «ውኃ በብዛት ጠጣ» የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ምክሩን ሳይመረምር ተቀብሎ ያውቃል። ከማሻ ተነሥቶ በአዲስ አበባ በተካሄደ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ሲሳተፍ፣ ፀሐዩን ፈርቶ ከመነሻው በፊት ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ ውኃ ጨረሰ። በየውኃ ማደያው ጣቢያም ሳይጠማው ጠጣ። ከመንገዱ አጋማሽ በኋላ ሆዱ ተነፋ፣ አቅለሸለሸው፣ ራሱንም አመመው። ሲጨርስ በመንገድ ዳር ተቀምጦ ያዩት ሰዎች ያደረጉለት ርዳታ ሌላ ጠርሙስ ውኃ መስጠት ነበር። ርዳታው በቅንነት የተሰጠ ቢሆንም ችግሩን የሚያባብስ ነበር። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረው ጥያቄ የመጣውም ከዚያ ነው፤ ለመሆኑ ሯጭ ምን ያህል ውኃ ያስፈልገዋል?

ሙቀት፣ ላብና ስሌቱ

ላብ የሚመጣው ጡንቻ ሲሠራ በሚፈጥረው ሙቀት ምክንያት ነው። አንድ ሰው ሲሮጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ በየኪሎ ሜትሩ ወደ 1 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል ያወጣል። ስለዚህ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ወደ 600 ኪሎ ካሎሪ ይጠቀማል። ከዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛው ያህል፣ ማለትም 450 ኪሎ ካሎሪ ገደማ፣ ወደ ሙቀት ይለወጣል።

አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የሯጩ ሙቀት በሙሉ በላብ ትነት ብቻ ይወገዳል ብንል እንኳ የሚያስፈልገው ላብ 0.8 ሊትር ገደማ ነው። ይህም ከክብደቱ 1.3 በመቶ ያህል ይሆናል። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መመሪያ ሯጮች እንዳያልፉት የመከረው ወሰን የክብደት 2 በመቶ መቀነስ ነው፤ ለዚህ ሰው 1.2 ሊትር ማለት ነው። እንግዲህ በልቶና እንደ ልማዱ ጠጥቶ ለ10 ኪሎ ሜትር የሚነሣ ጤነኛ ሰው፣ በመንገድ ምንም ባይጠጣ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከወሰኑ በታች ሆኖ ይጨርሳል።

ማሻና ቴፒ

ከላይ ያለው ስሌት ላብ ሁሉ እንደሚተን ያስባል። እውነታው ግን በቦታ ይለያያል። ማሻ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በደን የተከበበችና ዝናብ የማይለያት የደጋ ከተማ ናት። በዚያ የሚሮጥ ሰው ከሙቀቱ ብዙውን ለቀዝቃዛው አየር፣ ለነፋሱና ለዝናቡ ያስረክባል። የሚያልበው ላብ ከተሰላው ያንሳል፤ ጥማቱም እንዲሁ።

በጌጫ በኩል ወደ ቴፒ ሲወረድ ሁኔታው ይለወጣል። ቴፒ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ቡናና ቅመማ ቅመም የሚበቅልባት ሞቃትና እርጥብ ቦታ ናት። አየሩ ራሱ በእርጥበት የተሞላ ስለሆነ ላብ ከቆዳ ላይ በቀላሉ አይተንም፤ ይንጠባጠባል። መሬት ላይ የወደቀ የላብ ጠብታ ደግሞ ከሰውነት ሙቀት ይዞ አይሄድም። ሰውነት ይህን ለማካካስ ተጨማሪ ላብ ያፈልቃል፤ ፈሳሽ ይባክናል፣ ሙቀቱ ግን አይቀንስም።

በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ነገር አለ። በእርጥብ ቆላ የሯጭ ቀዳሚ ጠላት ሙቀት ነው። ውኃ የጎደለውን ፈሳሽ ይተካል እንጂ፣ ላብ በማይተንበት አየር ሙቀትን በማስወገድ ረገድ የሚረዳው ጥቂት ነው። ስለዚህ በቴፒ የሚሠራው መፍትሔ ፀሐይ ሳይወጣ መሮጥ፣ ፍጥነትን መቀነስና በጥላ ሥር መሄድ ነው። ከማሻ የወረደ ሯጭ የደጋውን ፍጥነት በቆላው ለመድገም ከሞከረ ስሕተቱን ምንም ያህል ውኃ አያርመውም። ሰውነት ቆላውን እስኪለምድ ድረስም አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይፈልጋል።

ከጥማት በላይ መጠጣት

የመጠጥ ምክር ታሪክ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የተወዛወዘ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የማራቶን ሯጮች በውድድር ላይ እንዲጠጡ እምብዛም አይበረታቱም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ከላይ የተጠቀሰው ኮሌጅ ሯጮች ሆዳቸው የሚችለውን ያህል እንዲጠጡ እስከ መምከር ደረሰ። የምክሩ ጉዳት ለመታየት ብዙ ጊዜ አልወሰደም።

እ.ኤ.አ. በ2002 በተካሄደው የቦስተን ማራቶን አንዲት የ28 ዓመት ሯጭ ሕይወቷ አለፈ። ምክንያቱ ከመጠን ባለፈ ፈሳሽ የደሟ ሶዲየም መውረዱ ነበር። በዚያው ውድድር ላይ የተደረገውና በ2005 የታተመው ጥናት የ488 ሯጮችን ደም መርምሮ 13 በመቶው የሶዲየም መጠናቸው ከጤናማው ወሰን የወረደ መሆኑን አገኘ። ሦስቱ ሯጮች ደግሞ ለሕይወት በሚያሰጋ ደረጃ ላይ ነበሩ። ከችግሩ ጋር በጥብቅ የተያያዘው ምልክት በውድድሩ ጊዜ ክብደት መጨመር ነው፤ ማለትም ሯጩ ካላበው በላይ ጠጥቷል። ከአራት ሰዓት በላይ የፈጁ ሯጮችም ይበልጥ ተጋላጭ ነበሩ። ይህ ለመዝናኛ ሯጭ ትልቅ ትምህርት አለው፤ በዝግታ የሚሮጥ ሰው የሚያልበው በዝግታ ሲሆን ለመጠጣት ያለው ጊዜ ግን ሰፊ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ኩላሊት በሰዓት ከ0.8 እስከ 1 ሊትር ያህል ውኃ ማስወገድ ይችላል። በረዥም ሩጫ ጊዜ ግን ሰውነት ቫሶፕሬሲን የተባለውን ውኃ ቆጣቢ ሆርሞን ስለሚያመነጭ ይህ አቅም በእጅጉ ይቀንሳል። የተጠጣው ውኃ በደም ውስጥ ይቀራል፣ ሶዲየሙን ያቀጥነዋል፣ ወደ ሕዋሳትም ይገባል። የአንጎል ሕዋሳት ሲያብጡ የራስ ቅል ስለማይሰፋ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ ግራ መጋባትና በመጨረሻም መንቀጥቀጥ ይከተላሉ። የስፖርት መጠጥ መምረጥም ከዚህ አያድንም፤ በውስጡ ያለው ሶዲየም በደም ውስጥ ካለው እጅግ ያነሰ ነው።

የታላላቆቹ ሯጮች ልማድ

በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አሥር ኢትዮጵያውያን የረዥም ርቀት ሯጮችን በልምምድ ላይ ተከታትሎ፣ በቀን የሚጠጡት ፈሳሽ በአማካይ 1.75 ሊትር ብቻ መሆኑን መዝግቧል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2009 የዱባይን ማራቶን ሲያሸንፍ ከክብደቱ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ እንደቀነሰ በሌላ ጥናት ተገምቷል።

እነዚህ መረጃዎች ተራው ሯጭ ውኃ እንዲከለክል አያስተምሩም። ኃይሌ የብዙ ዓመት ልምምድ የነበረውና በሁለት ሰዓት ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይጨርስ የነበረ ሰው ነው። የሚያስረዱት ነገር ሌላ ነው፤ ጥቂት ፈሳሽ መጉደሉ ብቻውን ሰውን እንደማይጥል ነው። በማሻ ማለዳ አምስት ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ጠርሙስ አለመያዙ ሊያሳስበው አይገባም።

ልብስና ጫማ

የጥጥ ካናቴራ ላብንና ዝናብን ጠጥቶ ይይዛል። በቴፒ እርጥቡ ጨርቅ ከሰውነት ጋር ተጣብቆ አየር እንዳይገባ ይከለክላል። በማሻ ደግሞ ሯጩ ቆም ባለ ጊዜ ያበርደዋል። ስለዚህ በሁለቱም ቦታ ቶሎ የሚደርቅ ስስ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሻላል፤ ውድ መሆንም የለበትም፣ ተራው የእግር ኳስ ማልያ ይበቃል። ጨርቅ የሚፈገፍገውን ቦታ ቫዝሊን መቀባት በዝናብ ቀን ቁስልን ይከላከላል።

አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮምን በባዶ እግሩ፣ በ1964 ደግሞ ቶኪዮን በጫማ አሸንፏል። ጫማ ብቻውን ሯጭ አያደርግም፤ ክብደቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በእያንዳንዱ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር የሩጫው የኃይል ወጪ 1 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ጥናቶች ያሳያሉ። በማሻ ጭቃ ላይ ይህ ክብደት በየእርምጃው ይሰበሰባል። ስለዚህ ለዚህ አካባቢ ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ውኃ ገብቶ ቶሎ የሚወጣለት ቀላል ጫማ ይመረጣል። ከሳልባጅ የሚገዛ ሰው የጫማውን ስፖንጅ በአውራ ጣቱ ይጫነው፤ ደርቆ ከጠነከረ መልኩ ቢያምርም አገልግሎቱ አልቋል።

ሚዛን እንደ መምህር

የራስን ፍላጎት ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሚዛን ይበቃል። ሯጩ ከሩጫ በፊት ልብሱን አውልቆ ይመዘን፤ ሲመለስም ላቡን ጠርጎ፣ ልብሱን አውልቆ እንደገና ይመዘን። በዝናብ የራሰ ልብስ ከነጫማው ከተመዘነ ውጤቱ ሐሰት ይሆናል። የጎደለው እያንዳንዱ ኪሎ ግራም ወደ አንድ ሊትር ፈሳሽ ይጠጋል፤ በመንገድ የተጠጣ ካለ ይደመርበታል። ክብደት ከጨመረ ግን መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ከሚገባው በላይ ተጠጥቷል።

የጎደለው ፈሳሽ በቀጣዮቹ ሰዓታት ቀስ በቀስ በመደበኛ ምግብና መጠጥ ይተካል። ጥቂት ጨው የተጨመረበት በሶ ውኃን፣ ኃይል ሰጪ ምግብንና ሶዲየምን አጣምሮ ይይዛል። ማለዳ የተጠጣ ቡናም ለለመደው ሰው ሰውነትን አያደርቅም። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ለተቅማጥ ሕሙማን የተዘጋጀ በመሆኑ ለአጭር ሩጫ አያስፈልግም።

ማጠቃለያ

በደጋም ሆነ በቆላ ለመዝናኛ ሯጭ የሚሆነው ሕግ አጭር ነው፤ ሲጠማህ ጠጣ፣ ሳይጠማህ ተው። ሙቀቱን በሰዓትና በፍጥነት ምርጫ ተከላከል እንጂ በውኃ ብዛት አትመን። ሩጫ ለሚያዘጋጁ ትምህርት ቤቶችና ማኅበራት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የወደቀ ሯጭ ሁሉ ውኃ የተጠማ አይደለም። ሰውነቱ የሚያቃጥል ከሆነ ወደ ጥላ ወስዶ ውኃ በሰውነቱ ላይ ማፍሰስና ማራገብ ያስፈልጋል። ግራ የተጋባ፣ የሚያስመልስና ጣቶቹ ያበጡ ሯጭ ከሆነ ግን ውኃ ከመስጠት ተቆጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ፣ ብዙ ጠጥቶ እንደነበረም ለባለሙያው መንገር ይገባል። በዚያች ሰዓት «ምን ያህል ጠጥተሃል?» ብሎ መጠየቅ ሕይወት ሊያድን ይችላል።