ታላቅ ጊታሪስትን በአሶሳ ሚዛን

የዓለምን ታላላቅ የሮክ ጊታሪስቶች የሚያወዳድር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጣት ጣታቸውን ያያል፤ ማን ፈጠነ፣ የማን ሶሎ ረዘመ ይላል። እኔ ግን ሚዛኑን አሶሳ ብንፈልገው ፍርዳችን ይቃናል ባይ ነኝ። በአሶሳ አካባቢ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚኖሩት በርታዎች ዋዛ የሚሉት የትንፋሽ መሣሪያ አላቸው፤ ቅል ተቆርጦ፣ አንዱ ቁራጭ በሌላው ላይ እየተሰካ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። አንድ ዋዛ በመሠረቱ አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል፤ ረጅሙ ወፍራሙን፣ አጭሩ ቀጭኑን። ስለዚህ ዜማውን ለብቻው የያዘ ሰው የለም። ነፊዎቹ ቁመቱ የተለያየ ዋዛቸውን ይዘው በኅብረት ይቆማሉ፤ እያንዳንዱም ተራው ሲደርስ ድምፁን ይጥላል፤ ዜማው ከሁሉም መካከል ይወጣል። አንዱ ጥቂት ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ግን ዜማው ይሰበራል። አንድ ድምፅ ብቻ የተሰጠው ሰው በፍጥነት ሊመካ አይችልም። ብልጫው የሚለየው ያንን ድምፅ መቼ እንደሚነፋ፣ መቼ ደግሞ ለጓደኛው እንደሚተው በማወቁ ነው። ከዚህ የጠራ የሙዚቀኛ መለኪያ አላውቅም።

በዚህ መለኪያ ሲታይ የሮሊንግ ስቶንሱ ኪዝ ሪቻርድስ ከብዙ ፈጣኖች ይቀድማል። ከጊታሩ ስድስት ክሮች አንዱን አውጥቶ፣ የቀሩትን አምስቱን ሳይያዙ ኮርድ እንዲሰጡ አድርጎ ይቃኛቸዋል። በ1969 እ.ኤ.አ. በወጣው «ሆንኪ ቶንክ ዊመን» ላይ የሚመታው ጥቂት ነው፤ በምቶቹ መካከል የሚተወው ክፍተት ግን ከበሮውን ያናግራል። እንደ ዋዛ ነፊው ባለው ጥቂት ነገር መሥራት የነበረበት የብላክ ሳባዝ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚም በወጣትነቱ ፋብሪካ ውስጥ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ በማሽን አጥቷል። ጣቶቹን ከፕላስቲክ በሠራው መሸፈኛ አልብሶ፣ ኋላም ክሮቹን አላልቶ ሲጫወት የሄቪ ሜታል መሠረት የሆነውን ከባድ ድምፅ አገኘ።

«ታዲያ ጂሚ ሄንድሪክስስ?» የሚል ይኖራል፤ በእርግጥም የሶሎ ንጉሥ ነው። ነገር ግን ባንዱ የሦስት ሰው ነበር፤ ከጊታሩ ሌላ ያለው ቤዝና ከበሮ ብቻ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. በወጣው «ሊትል ዊንግ» መግቢያ ላይ ኮርዱንና ዜማውን በአንድ ጊታር እያፈራረቀ ይጫወታል፤ በአውራ ጣቱ ወፍራሙን ክር ይዞ፣ በቀሩት ጣቶቹ ዜማውን ያወጣል። የብዙ ሰው ሥራ በአንድ እጅ ገብቷል፤ ተራ የመጠበቁ ሕግ ግን አልተሻረም።

ከእኛ ሙዚቀኞች በዚህ ሚዛን ከፍ ብሎ የሚታየኝ የአይቤክስና የሮሃ ባንዶች ጊታሪስት ሰላም ስዩም ነው። ማህሙድ አህመድ በ1975 እ.ኤ.አ. ከአይቤክስ ጋር የቀረጸውን «እሬ መላ መላ» ማዳመጥ ይበቃል። አድማጭ ልቡ ከማህሙድ ድምፅ ጋር ይሄዳል፤ ያንን ድምፅ ተሸክሞ የሚያዞረው ግን ከሥሩ የሚመላለሰው የባንዱ ምት ነው። ይህ አጃቢነት እንጂ ታላቅነት አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል፤ ሮክም አይደለም ሊባል ይችላል። የስም ክርክሩን እተወዋለሁ። ስለ አጃቢነቱ ግን፣ ያው ባንድ በ1976 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ራስ ሆቴል ያለ ዘፋኝ የቀረጸው ሙዚቃ መልስ አለው፤ በዚያ ጊታሩ የዘፋኙን ቦታ ይይዛል። አምስት ድምፅ ባለው ቅኝታችን ውስጥ ሆኖ፣ ዘፋኝ ለትንፋሽ በሚያቆምበት ያቆማል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፦ ስድስት ክርና ብዙ ድምፅ ያለው መሣሪያ በአንድ ድምፅ ቅል እንዴት ይለካል? ልዩነቱ ትልቅ መሆኑን አምናለሁ። የዋዛ ነፊ ዝም የሚለው የቀረው ድምፅ በሌሎች እጅ ስለሆነ ነው፤ ጊታሪስቱ ግን ሁሉም ድምፅ በእጁ እያለ መርጦ ዝም ማለት አለበት፤ ፈተናውም የእሱ ይብሳል።