ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለገበታም የሚሆን ጽጌረዳ

ጽጌረዳ ይበላል ብንላችሁ ትገረሙ ይሆን? በቱርክ ከአበባው ቅጠል ማርማላታ ይሠራል። በኢራንም በካሻን አካባቢ ከጽጌረዳ የሚነጠረው ውሃ ጣፋጭ ምግብ ውስጥ ይገባል። የእኛው ቀጋም የጽጌረዳ ወገን ነው። ነጭ አበባው ያውዳል፤ ቀልቶ የበሰለውን ፍሬ ደግሞ የገጠር ልጆች እየለቀሙ ይበሉታል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር አስቀድመን እንለይ። ባል ለሚስቱ ከአበባ መሸጫ ገዝቶ የሚያመጣው ጽጌረዳ ለዓይን እንጂ ለአፍ አይደለም። ለሽያጭ የሚለማ አበባ ለምግብ ስለማይታሰብ የሚረጭበት የተባይ መድኃኒትም ለምግብ ተክል የተፈቀደ ላይሆን ይችላል። አንዳንዱ መድኃኒት በተክሉ ውስጥ ስለሚሰራጭ በውሃ ታጥቦ አይለቅም። ስለዚህ ለገበታ የሚሆነውን ጽጌረዳ በጓሯችን እናሳድገው።

መዓዛው ደስ ከሚል የጽጌረዳ ተክል የእርሳስ ውፍረትና የስንዝር ርዝመት ያለው ቅርንጫፍ ቁረጡ። በክረምት መግቢያ፣ በሰኔ፣ ግማሹን አፈር ውስጥ ትከሉት። ቦታው በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ አፈሩም ውሃ የማይቋጥርና ኮምፖስት የተቀላቀለበት ይሁን። ችግኙን ከገዛችሁት ግን መድኃኒት ተረጭቶበት ሊሆን ስለሚችል የመጀመሪያውን ዓመት አበባ አትብሉ።

ውሃ ጠዋት ጠዋት ከሥሩ አጠጡት። በክረምት ጥቁር ነጠብጣብ የወጣበትን ቅጠል እየለቀማችሁ አስወግዱ። እምቡጡ ላይ የሚሰፍረውን ክሽክሽ በውሃ ግፊት ማራገፍ ይቻላል።

እዚህ ላይ የባልና የሚስት መነጋገር ያስፈልጋል። ሚስት ለሻይ የምትቀጥፈውን አበባ ባል ለተባይ ብሎ ትናንት መድኃኒት ረጭቶት ቢሆንስ? ተክሉ ለምግብ እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ፣ የጓሮ ሠራተኛም ካለ እርሱ ጭምር ይወቅ።

አበባውን ገና እንደፈካ፣ ጠዋት ጤዛው ሲደርቅ ቅጠፉ። መዓዛ የሌለው ጣዕምም አይኖረውም። በቅጠሉ ግርጌ ያለው ነጭ ክፍል ስለሚመር ቆርጣችሁ ጣሉት። ቅጠሉን በቀዝቃዛ ውሃ አጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ ላይ በጥላ አድርቁት። ለሻይ ሲሆን አንድ እፍኝ ቅጠል ላይ ሁለት ብርጭቆ የፈላ ውሃ አፍስሱ፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ከድናችሁ አቆዩትና አጥልላችሁ በማር ጠጡት። ማሩ ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥ። የቀጋን ፍሬ ስትበሉ ደግሞ ውስጡ ያለው ፀጉር ጉሮሮ ስለሚያሳክክ ከነዘሩ ጠርጋችሁ አውጡት።

መጀመሪያ ላይ ጥቂት ብቻ ቅመሱና ሰውነታችሁ እንደተስማማው እዩ። ልጆቻችሁንም ከጓሮ ይዛችኋቸው ግቡ፤ መኮትኮቱንም መቅጠፉንም ከእናንተ ጋር ይማሩ። ያማረ አበባ ሁሉ እንደማይበላ፣ ሳይጠይቁም ወደ አፋቸው እንዳያስገቡ አብራችሁ አስተምሯቸው።