የወንዶቹን ወንበር ማን ወሰደው?

በብዙ አገሮች ከዩኒቨርሲቲ ደጅ እየራቁ ያሉት ወንዶች ናቸው። ይህን የሰማ ሁሉ የመሰለውን ምክንያት ይደረድራል፤ ብዙው ግን ሲመረመር አይቆምም። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተረት፦ ከትምህርት ገበታ የሚቀሩት ሴቶች ናቸው።

እውነታ፦ ዩኔስኮ በ2022 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በ2020 ከትምህርት ቤት ውጭ ከነበሩት 259 ሚሊዮን ልጆችና ወጣቶች 132 ሚሊዮኑ ወንዶች ነበሩ። በከፍተኛ ትምህርትም በዓለም ደረጃ ለ100 ሴቶች የሚደርሱት 88 ወንዶች ብቻ ናቸው።

ተረት፦ ሴቶቹ የወንዶቹን ቦታ ወስደው ነው።

እውነታ፦ አሜሪካን እንይ። በ1970 በኮሌጅ የሚበዙት ወንዶች ነበሩ፤ ቁጥራቸውም 5 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ1972 በትምህርት የጾታ አድልዎን የሚከለክል ሕግ ወጣ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በመጀመሪያ ዲግሪ ሴቶች ቀደሙ። ሆኖም በ2010 ወንድ ተማሪዎች 9 ሚሊዮን ያህል ደርሰው ነበር። ወንበሩ ራሱ በዛ፤ ሴቶቹ ፈጥነው ገቡበት እንጂ ወንዶቹን ከቦታቸው አላስነሡም።

ተረት፦ ወንዶች ልጆች ስንፍና ይዟቸው ነው።

እውነታ፦ በሌሴቶና በሞንጎሊያ ብዙ ወንድ ልጅ ትምህርቱን የሚያቋርጠው ከብት ለመጠበቅ ነው፤ እኅቱ ግን ትቀጥላለች። ሌላው ጋሬጣ ንባብ ነው። ፒሳ በተባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ፈተና በ2018 በተካፈሉት አገሮች ሁሉ፣ የ15 ዓመት ሴቶች በንባብ ወንዶቹን በልጠዋል። በሂሳብ ግን ባደጉት አገሮች በአማካይ ወንዶቹ በጥቂት ነጥብ መርተዋል። ያነበበው የማይገባው ልጅ ታሪኩም ሳይንሱም ይከብደዋል፤ ዩኒቨርሲቲ ሳይደርስ ተስፋ ይቆርጣል።

ተረት፦ በዩኒቨርሲቲ ሴቶች ከበዙ እኩልነት መጣ ማለት ነው።

እውነታ፦ በዚያው በአሜሪካ፣ በምህንድስናና በኮምፒዩተር ሳይንስ ከሚመረቁት ሴቶቹ ከአምስት አንድ ገደማ ናቸው። በነርስነትና በመምህርነት ደግሞ ጥቂት የሚታዩት ወንዶች ናቸው።

ተረት፦ እኛም ዘንድ ነገሩ ያው ነው።

እውነታ፦ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች አሁንም ወንዶች ይበዛሉ። ለሴቶች ዝቅ ያለ የመግቢያ ነጥብ ለዓመታት የተሠራበትም በዚህ የተነሣ ነው። ወንዶች ወደ ኋላ ቀሩ የሚለውን የአሜሪካን ክርክር ጠቅሶ ይህን ድጋፍ መንቀፍ ለጎረቤት በሽታ የታዘዘ መድኃኒት መዋጥ ነው። ሁሉም አገር ልጆቹ የሚቀሩበትን ቦታ ፈልጎ ከዚያ ይጀምር፦ ሌሴቶ ከእረኛው፣ አሜሪካ ንባብ ከከበደው ልጅ፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በትዳርና በቤት ውስጥ ሥራ ጫና ትምህርቷን ካቋረጠችው ልጃገረድ።